ይቅናህ ያልተባለው ሰው

ሟቹ በደረታቸው ተደፍተው ነበር የተገኙት፤ እንጨት ከሚከመርበት ቆጥ በታች፣ መሰላሉ ሥር። የመሰላሉ ሦስተኛ እርከን ለሁለት ተሰብሮ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። ማጅራታቸው ላይ ያለው ቁስል ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ለአንድ ሽማግሌ ግን ከበቂ በላይ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ «አባ ይቅናህ» እያለ የሚጠራቸው አናጺ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያንኳኩ የኖሩት ሰው፣ ሥራ ቤታቸው ወለል ላይ ጸጥ ብለው ተኝተዋል።

ለፖሊስ የደወለው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። ከፊት የምትሄደው አርባን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች መርማሪ ናት። ትንሽ ነገር ስለማያመልጣት ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። ከኋላዋ ሳጅኑ አለ፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ልበ ቀና፣ ደግሞም መዝገብ ቶሎ መዝጋት የሚወድ ሰው ነው።

መርፌ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ውስጥ አንዲት ሴት በብርጭቆ ወረቀት የወንበር እግር ትፈትጋለች። ቫርኒሽ ቀቢዋ ናት፤ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ስትሆን፣ ድንጋጤው እጇን አላሳርፍ ብሏት ነው የምትፈትገው። መርፌ አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ዘጋችው፤ ከዚያ ዝም ብላ ገባች። ይህን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰው፣ ሳንቃ በመላጊያ የሚያለሰልሰው ላጊ ነው።

መርፌ ሟቹን ታውቃቸው ነበር። ከሦስት ወር በፊት የጠገኑትን አግዳሚ ወንበር ሊያስረክቡ ወደ ጣቢያው መጥተው፣ በረንዳው ላይ ቆማ መዝገብ ስትጽፍ አገኟት። ፊቷን ትኩር ብለው አዩና፣ የአገሩን ልጅ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በርቶ «ይቅናሽ» አሏት። የላይ አገር ሰዎች ሰላምታ ነው። መልሱን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። እሷ ግን ባልደረቦቿ ዙሪያዋን ስለነበሩ ቀና ብላ «ምን አሉኝ?» አለቻቸው። ሰዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው «ምንም አይደል ልጄ፣ ሰው መስለሽኝ ነው» ብለው ሄዱ።

ነገሩ የቆየ ነው። ፖሊስ ማሠልጠኛ በገባች በሳምንቷ፣ የደንብ ልብስ ስትተኩስ ያየቻትን የክፍል ጓደኛዋን «ይቅናሽ» ብላ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ተጠራች፤ በምግብ ሰልፍ ላይ፣ በሩጫ ላይ፣ ምረቃዋ ዕለት ሳይቀር። ከዚያ በኋላ አንደበቷን አጠበች። ለባሏ ቤተሰብ እንኳ የከተማ ልጅ ነኝ ነው ያለችው። አሁን ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሽማግሌውን ፊት ስታይ የተሰማት ሐዘን አልነበረም፤ እፍረት ነበር።

እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። በመስኮቱ ሥር አንድ ምሳ ዕቃ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ምግቡ ከግማሽ በላይ አልተነካም። ሥራ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የእንጨት ብናኝ ለብሷል፤ እንጨት የሚጠፈርበት ትልቁ ብረት፣ ሞርሳውም እንደዚያው፣ አንዱ ማዕዘኑ ብቻ እንደ አዲስ ያበራል። መርፌ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን እርከን አየችው። ከሥሩ እስከ ግማሽ ተገዝግዟል፤ የቀረው ተረግጦ ነው የተሰበረው። አቆራረጡ የተንጨፈረረ፣ አይጥ የቀረጠፈው የመሰለ ነው። የሟቹ ጀርባ ላይ፣ ማጅራታቸው ላይ በረጋው ደም ላይም ጭምር፣ ሰጋቱራ በስሱ ተነስንሷል።

«ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። «እርከኑን አስቀድሞ ገዝግዞ ወጥመድ አጠመደላቸው። ሲወጡ ወደቁ።»

መርፌ ሬሳው ሲነሳ ሥሩን አየች። ወለሉ ንጹሕ ነበር።

ቀቢዋ የምታውቀውን በለሆሳስ ነገረቻት። በየቀኑ ለምሳ ስትወጣ ወለሉን መጥረግ የእሷ ሥራ ነው፤ ዛሬም ስድስት ሰዓት ላይ ጠርጋ፣ የታመመች እናቷን ልታበላ ወጣች። እናቷ ጋ ሐኪም ስለነበረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያላያት ጎረቤት የለም። አባ ይቅናህ ለምሳ ቤት አይሄዱም፤ እዚያው መስኮቱ ሥር ይበላሉ። ጠዋት ከላጊው ጋር ተጣልተዋል። አንድ መሳቢያ ሦስት ጊዜ ቢያስፈርሱት ላጊው መላጊያውን ወርውሮ «ሌላ ሰው ይፈልጉ» ብሏቸው ነበር የወጣው። ቀቢዋ ይህን ከተናገረች በኋላ ምላሷን የነከሰች መሰለች። «ግን ይወዳቸዋል» አለች። «አባቱ ናቸው ማለት ይቻላል።»

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ነበር። ስለ ሟቹ ደግነት፣ ስለ ሰፈሩ ውኃ መጥፋትና ስለ ራሱ ጉልበት ሕመም ተናግሮ ሲያበቃ ነገሩ ላይ ደረሰ።

«ላጊው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሶ መጥቷል። የሬዲዮው ዜና ሲያልቅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ‹ይቅናዎ› አለ። ጥቂት ቆየና ደገመው።»

«መልስ ሰሙ፣ ጋሼ?»

«አልሰማሁም።»

«ከዚያስ ገባ?»

«እሱን አላየሁም። የደንበኛ ጢም እጄ ላይ ነው፤ ዓይኔን ባነሳ ጆሮውን አብሬ አነሳለሁ።»

«ውስጥ የሥራ ድምፅ ነበር? መጋዝ፣ መዶሻ?»

ፀጉር አስተካካዩ ፈገግ አለ። «ሃያ ዓመት አጠገባቸው ኖሬ? የመጋዝ ድምፅ ለእኔ ጆሮ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ቢኖርም አልሰማው፣ ባይኖርም አልሰማው።»

ላጊውን በመጨረሻ አስቀረበችው። እጁ ላይ የደረቀ ኮላ አለ፤ እሱን በጥፍሩ ይልጣል። ከምሳ በኋላ ተመልሶ እንደመጣ ስትጠይቀው «አልመጣሁም» አለ።

«ጎረቤት ድምፅህን ሰምቷል።»

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ፍርሃት ቢሆን መርፌ ታውቀው ነበር፤ ፍርሃት አልነበረም። ኮላውን መላጡን ትቶ ቀና አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ የላይ አገር ሰው ነዎት አይደል?»

ሳጅኑ መጻፉን አቁሞ አያት።

«አይደለሁም» አለች መርፌ።

«ደጃፉ ላይ ቆመው ቀቢዋን ሲያዩ አፍዎ…»

«አይደለሁም አልኩህ።»

«እንግዲያስ ብነግርዎትም አይገባዎትም» አለና ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሳጅኑ ካቴና አጠለቀለት። ነገ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጠዋት የተጣላ፣ ምሳ ሰዓት የመጣ፣ መምጣቱንም የካደ ሰው ነው። ዳኛው የሚጠይቀው ሌላ ነገር አይኖርም። ላጊው መኪናው ውስጥ ሲገባ መርፌ ዓይኑን ላለማየት የእጅ ሰዓቷን ተመለከተች።

ወደ አመሻሹ ላይ የሟቹን አማች ልታነጋግር ወደ መሸጫው ሄደች። መሸጫው ከሥራ ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ ሽማግሌው የሚሠሩት ዕቃ እዚያ በመስታወት ጀርባ ይታያል። የመሸጫው ኃላፊ የልጃቸው ባል ነው። ሱፍ የለበሰ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ መዳፉ የለሰለሰ ሰው። እንባውን እየጠረገ ተቀበላት። ላጊው እንደተያዘ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ «ግልፍተኛ ነው» አለ።

«እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። ቤት ምሳ በልቼ ስመለስ በዚያ አለፍኩ። ከበሩ አላለፍኩም፤ ይሄን ሱፍ ለብሼ ሰጋቱራ ውስጥ አልገባም። ምሳቸውን በልተው፣ እጃቸውን አጣምረው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ሆኜ ‹ይቅናዎ፣ አባባ› አልኳቸው። ፈገግ ብለው ‹ከእጅህ› አሉኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «የመጨረሻ ቃላቸው እሱ ሆነ።»

የመርፌ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«እንደዚህ ነበር የምትነጋገሩት? ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ስምንት ዓመት ሙሉ።»

ከስምንት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ አልጋ ሊገዙ ከመጡ ባልና ሚስት ጋር ነበር፤ ሰዎቹ ተጠይቀው አረጋግጠዋል። መርፌ አመስግናው ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ቆመች። ማን እንደገደለ አውቃለች። እንዴት እንዳወቀች ለሰው ለማስረዳት ግን ሃያ ዓመት የሸሸገችውን መናገር ነበረባት።

የዚያን ምሽት ሐሳቧ ያልገባበት ጉድጓድ የለም። ሌላ የላይ አገር ሰው ፈልጌ እሱ ያስረዳ፣ ከመጽሐፍ አነበብኩ ልበል፣ አንድ አዛውንት ነገሩኝ ልበል። እያንዳንዱን ስታስበው መልካም ይመስላታል፤ ከዚያ ላጊው «አይገባዎትም» ያላት ትዝ ይላታል። ሰውየው የእሷ ምስጢር እንዳይወጣ ሲባል እስር ቤት ያድራል። አለቃዋ ደውሎ መዝገቡ ተዘጋ ወይ ሲላት እስከ ነገ ረፋድ ታገሠኝ አለችው። ለሳጅኑም ጠዋት በማለዳ የአማቹ ቤት ሄዶ ትናንት የለበሰውን ሱፍ እንዲያመጣ ነገረችው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። የሟቹ ልጅ ጥቁር ለብሳ የአባቷ ወንበር አጠገብ ቆማለች፤ ባሏ ክንዷን ይዟል። ቀቢዋና ፀጉር አስተካካዩ በሩ ጋ ናቸው። ላጊው እጁ በካቴና ታስሮ ሞርሳው አጠገብ ቆሟል። ሳጅኑ አንድ የተጠቀለለ ልብስ ታቅፏል።

መርፌ ከመሰላሉ ጀመረች።

«ሳጅን እርከኑ ወጥመድ ነው ብሏል። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ወለሉ ተጠርጓል። እርከኑ ከዚያ በፊት ተገዝግዞ ቢሆን ሰጋቱራው ተጠርጎ በሄደ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ሳይወድቁ ቢገዘገዝ ደግሞ ሰጋቱራውን ከሥራቸው እናገኘው ነበር። ከሥራቸው ወለሉ ንጹሕ ነው። ጀርባቸው ላይ፣ ደማቸው ላይ ግን ነበር። እርከኑ የተገዘገዘው ሰውየው ሞተው እዚያ ከተኙ በኋላ ነው።»

ሳጅኑ ማስታወሻውን ገልጦ ትናንት የጻፈውን ሰረዘ።

«የሞቱትም እዚህ አይደለም። ይሄ ሞርሳ አንዱ ማዕዘኑ ተጠርጓል። ምሳቸውን እየበሉ ነበር፤ ግማሹ አልተነካም። ተነሥተው ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ተገፈተሩ፤ ማጅራታቸው ይህን ብረት መታው። ገፍታሪው ደነገጠ። ወደ መሰላሉ ጎተታቸው፤ ከላይ የወደቁ ለማስመሰል እርከን ሊሰብር ሞከረ፤ እሳቸው የሠሩት ስለሆነ አልሰበር አለው። ያገኘውን መጋዝ አንስቶ ከሥር ገዘገዘው። ያነሣው መጋዝ ደግሞ ይኸኛው ነው።» ጥርሱ ሰፋፊ የሆነውን ከግድግዳው አወረደች። «ይህ እንጨት በቁመቱ መሰንጠቂያ ነው። እርከን በአግድም ሲቆርጡበት ይቦጫጭቃል። ቀቢዋም ላጊውም ዓይናቸው ተጨፍኖ ትክክለኛውን ያነሡ ነበር።»

«አውቆ ቢሆንስ?» አለ አማቹ ረጋ ብሎ። «አናጺ አይደለም እንዲባል።»

«ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለእሱ መልስ የሚሰጠው ሰዓቱ ነው።»

እዚህ ላይ መርፌ ቆመች። ሁሉም እንደሚያዩዋት ታውቃለች፤ ከሁሉም ይልቅ ሳጅኑ። ዘወር ብላ ላጊውን አየችው።

«ትናንት የላይ አገር ሰው አይደለሁም ብዬህ ነበር። ዋሽቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው፤ አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እነዚህ ሰዎች እንዳይስቁብኝ ስል አንተን አሳስሬሃለሁ። አፍራለሁ። አሁን ሁሉም እየሰሙ ልጠይቅህ፦ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ በር ላይ ቆመህ ነበር?»

ላጊው ቀና ብሎ አያት።

«ቆሜ ነበር» አለ።

«‹ይቅናዎ› አልክ?»

«ሁለት ጊዜ።»

መርፌ ወደ ሌሎቹ ዞረች። አሁን ድምፅዋ እየጠራ መጣ።

«ይህን ቃል እናንተ ‹ደህና ዋሉ› ማለት ይመስላችኋል። አይደለም። በላይ አገር ‹ይቅናህ› የሚባለው እጁ ሥራ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። ለሚያርስ፣ ለሚሰፋ፣ ለሚጽፍ። በር ላይ ቆመህ ትላለህ፤ ሠራተኛው መሣሪያውን ሳያስቀምጥ ‹ከእጅህ› ይልሃል፤ ያኔ ትገባለህ። ካልመለሰልህ አትገባም፤ ፊት ነሥቶሃል ማለት ነው። መሣሪያውን አስቀምጦ ‹እንደምን ዋልክ› ካለህ ደግሞ እንግዳ አድርጎሃል፤ በክብር ነው፣ ግን እንግዳ ነህ። እጁ ባዶ የሆነውን ሰው ‹ይቅናህ› ማለት ስድብ ነው፤ ሥራ ፈት ማለት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ አይሳሳተውም።» ወደ ላጊው ተመለሰች። «ምን ሰምተህ ነው ‹ይቅናዎ› ያልከው?»

«መጋዝ» አለ ላጊው። «ሰፊ ጥርሱን መጋዝ። በአግድም ይጎትተዋል፤ አሁንም እኔ ላይ ተናድደው ነው አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት። አልመለሱልኝም። ደገምኩ፤ መጋዙ ቆመ እንጂ መልስ የለም። አምስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን ከእጅህ ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። ፊት እንደነሡኝ ለፖሊስ እንዴት እናገራለሁ? አፈርኩ። መጣሁ ከማለት አልመጣሁም ማለት ቀለለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ለመንገድ ስዞር ዋልኩ።»

ቀቢዋ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። መርፌ ቀጠለች።

«መጋዙን ይዘው የነበሩት አባ ይቅናህ አይደሉም። ቢሆኑ ቂም ይዘው እንኳ ይመልሱ ነበር፤ ቢያንስ መሣሪያውን አስቀምጠው በእንግዳ ደንብ። ያን ሰዓት ሞተዋል። መጋዙን የያዘው፣ በር ላይ ሰው ሲጠራው ምን እንደሚመለስ የማያውቅ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ፀጉር አስተካካዩ ሰዓቱን ነግሮናል። ሰባት ሰዓት ተኩል።» አማቹን አየችው። «እርስዎ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ በሕይወት አየኋቸው ብለዋል።»

«አይቻቸዋለሁ።»

«እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው። ‹ይቅናዎ› አሏቸው፤ ፈገግ ብለው ‹ከእጅህ› አሉኝ አሉ። ባዶ እጃቸውን። አባ ይቅናህ ያንን ቢባሉ ፈገግ አይሉም ነበር፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ያስወጡዎት ነበር። ምሳቸውንም በልተው ጨርሰው ነበር አሉኝ። ምሳ ዕቃው ይኸው።»

«በአንድ ሰላምታ ሰው ይወነጀላል?»

«ላጊው በሱ አይደል ታስሮ ያደረው?» አለች መርፌ። ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። ሳጅኑ ጥቅሉን ፈትቶ ሱሪውን አነሣና የእግሩን እጥፋት ወረቀት ላይ ገለበጠው። ቢጫ ሰጋቱራ ተንጠባጠበ። «ከበሩ አላለፍኩም ብለዋል።»

«የቆየ ነው» አለ አማቹ።

ያን ጊዜ ሚስቱ ክንዷን ከእጁ አላቀቀች። «ያንን ሱፍ ትናንት ጠዋት ነው ከላውንደሪ ያመጣሁት» አለች፤ የምትናገረው ለራሷ ይመስል ነበር። ከዚያ ለመርፌ እንዲህ አለቻት፦ «ቃሉ እንደዚያ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር። ልጅ ሆኜ የቤት ሥራ ስሠራ አባቴ ‹ይቅናሽ› ይለኝ ነበር። ጓደኞቼ ፊት አትበለኝ አልኩት። ተወው። ዳግም አላለኝም።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ባሌን ግን አንድም ቀን ብሎት አያውቅም። ስምንት ዓመት። አንድም ቀን።»

አማቹ ሽማግሌው ምሳ ይበሉበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለማስተባበል የሞከረው ነገር ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ለሁሉም ይሉ ነበር» አለ። «ለላጊው፣ ለቀቢዋ፣ ቆሻሻ ለሚጠርገው ሰውዬ። ለእኔ ‹እንደምን ዋሉ›። የልጃቸውን ባል ‹እርስዎ›! ሰው እየሰማ። ትናንት ‹ሥራ ቤቱን ከእኔ በኋላ ለላጊው ትቼዋለሁ› አሉኝ። እሺ፣ ይሁን አልኩ፤ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፣ ለምንድን ነው እኔን ይቅናህ የማይሉኝ አልኳቸው። ምን ነበር ቢነግሩኝ? ትርጉሙን ቢነግሩኝ መጋዝ አነሣ ነበር። እጄን አዩት። መዳፌን። ከዚያ ወደ ምሳቸው ዞሩ። ጎትቼ አስነሣኋቸው፤ ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

መርፌ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። በውሸቱ ያስገባው የተመኘውን ሰላምታ መሆኑን ልትነግረው አስባ ተወችው፤ ማንም ሳያስገድደው ሟቹን ‹ከእጅህ› ያሰኛቸው ለምን እንደሆነ እሱም ሳይገባው አልቀረም። ሳጅኑ ካቴናውን ከላጊው እጅ ፈትቶ ለሰውየው ሲያጠልቅ፣ የገዛ ፊቱ በላብ ወርዝቶ ነበር። ወደ መኪናው ሲሄዱ ለመርፌ ጠጋ ብሎ፣ ማሠልጠኛ ሳሉ ያንን ስም ሲጠሯት ከነበሩት አንዱ እሱ እንደነበር ታስታውስ እንደሆነ ጠየቃት። አስታውሳለሁ አለችው።

ከአሥር ቀን በኋላ መርፌ ብቻዋን ወደ ሥራ ቤቱ መጣች። የደንብ ልብስ አልለበሰችም። መሰላሉ ተጠግኗል፤ ሦስተኛው እርከን አዲስ ነጭ እንጨት ነው። ላጊው ጎንበስ ብሎ ረጅም ሳንቃ ይልጋል፤ ልጣጩ እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ይወድቃል።

ደጃፉ ላይ ቆመች። መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው የመጣችው ቃል ስለነበር ሲወጣ አልተደናቀፈም።

«ይቅናህ» አለች።

መላጊያው አንድ ጊዜ ተሳበ፣ ሁለተኛም ተሳበ። መርፌ እግሯን አላነሣችም። ስንት ዓመቷ ነው እንዲህ በር ላይ ቆማ መልስ ስትጠብቅ? አባ ይቅናህም ያን ቀን በረንዳው ላይ እንዲህ ነበር የቆሙላት።

ላጊው መላጊያውን በጥንቃቄ አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ ምንም እስከማይቀርበት ድረስ። ከዚያ ቀና ብሎ በአክብሮት ጎንበስ አለላት።

«እንደምን ዋሉ» አላት። «ይግቡ። ወንበር አለ።»

መርፌ ገባችና ለእንግዳ የተሰናዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች።